ለሐኪሙ የጻፍኋቸው ጥያቄዎች

የእናቴ የጉበት ምርመራ ውጤት ደህና አለመሆኑን ስሰማ፣ ሐኪሟን የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር እስክንደርስ መኪና ውስጥ ደጋግሜ አነበብኋቸው። እሷ ግን በመስኮቱ ገብሱን እያየች፣ «ዘንድሮስ አምሮበታል» ትላለች።

ሐኪሙ ፊት እንደተቀመጥን ንዴት ቀደመኝና ከመጨረሻው ጥያቄ ጀመርሁ። «ይህን ያህል እስኪብስባት እናንተ የት ነበራችሁ? ድሃ ስለሆነች ነው?»

ወጣቱ ሐኪም አልተቆጣም። ካርዷን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው።

«አምና በጥር ጎንደር ሄደው እንዲታከሙ ሪፈር ጽፈንላቸው ነበር። ለምን እንደቀሩ እሳቸውን ጠይቃቸው።»

ዞር ብዬ አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«እማ፣ ለምን አልሄድሽም?»

«ሠርግህ ደርሶ ነበራ ልጄ። እኔ ጎንደር ተኝቼ ማን ይደግስልህ?»