ያዘገየሁት የሁለተኛው ዲስክ መርዶ

በከሚሴ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሽማግሌ ማን ነው ቢባል ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ዊንዶውሱንም ሊኑክሱንም በአንድ ፕሮግራም መመርመር የቻልሁት ግን ብቻዬን ነው። እርግጥ የታችኛው ሥራ የእኔ አይደለም። ሰዎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት የኮድ ስብስብ አለ፣ ላይብረሪ ይሉታል። ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ፣ ሚሞሪው ምን ያህል እንደሞላ፣ ዲስኩ ለማንበብ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ትጠይቀዋለህ፤ ማሽኑ የትኛውም ቢሆን መልሱ አንድ ዓይነት ነው። መጠየቁን ማን አወቀበት? እኔ።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ባሏ መንዙማ አዋቂ ነበር። ድምፁ የቀረው በቤቷ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሰው ወዳጃ ለሚባለው የጋራ ጸሎት ሲሰበሰብ ትከፍተዋለች፣ ዱዓው በእሱ ድምፅ ይጀመራል።

ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሜን ልጭንላት ሄድሁ።

«አከም ጅርታ፣ አያ!» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ። «ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?»

«ጤናውን ላይ።»

«እንደ ሮቢት ገበያ በሬ ጥርሱን ገልጠህ?»

«እኔ ጥርስ አልገልጥም፤ ራሱ ይነግረኛል።»

ነገረኝም። ፕሮሰሰሩ ደህና፣ ሚሞሪው ደህና። ሁለተኛው ዲስክ ግን አንዲት አጭር መንዙማ ለማንበብ ያቃስት ነበር። ደግሜ ለካሁ፤ ባሰ። እየሞተ ነበር።

«እህሳ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

እኛ ዘንድ መርዶ ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ተሂዶ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ሆኖ ነው። ይህም ለእኔ መርዶ ነበር፤ ባሏን ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀብረው ነው። ልጇ ሐሙስ ከጨፋ ሮቢት ለወዳጃው ይመጣል፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ አልሁ። አንደኛው ዲስክ ሞልቷል፣ ድምፁን የምገለብጥበት የእኔ ፍላሽም ከተበላሸ ሰንብቷል፤ አዲስ ዲስክ እንዲያመጣልኝ ለደሴ ሚኒባስ ሾፌር ነገርሁ። በእኔ ስሌት ዲስኩ ወር ይቆያል። ስሌቴ ተሳስቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ለካሁ፣ ረቡዕ ለካሁ። ቁጥሩ ሲብስ ቁጭ ብዬ ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም። ሾፌሩ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሐሙስ ልጇ ሳይደርስ አስጠራችኝ። ድምፁ ሁለት ስንኝ ብሎ ቆሟል፤ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ብቻ ይሰማል። አጥፍቼ አበራሁ። ምንም።

«እቴ» አልኋት፣ «ሰኞ ነው ያወቅሁት።»

ወደ ጓዳ ገባችና ከማሸጊያው ያልወጣ ፍላሽ ይዛ መጣች።

«ልጄ በረመዳን ያመጣልኝ ነው። ይሆን ነበር?»

«ይሆን ነበር።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብቻሽን ነበርሽ።»

«የባሌን ሞትኮ የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው፣ ውሃ ተሸክሜ። ችዬው ቤቴ ገብቻለሁ።»

እንግዶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ልጇም ገባ። ሁሉም ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎም እኔን አዩ፤ አዋቂው እኔ ነኝና። የሚሠራ ሰው ለመምሰል ፕሮግራሜን እንደገና አስነሳሁ።

«አሁንስ ምን ይላል?» አለችኝ ከኋላዬ ቆማ።

ፕሮሰሰሩ ደህና ነበር። ሚሞሪው ደህና ነበር። ሁለተኛው ዲስክ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ እንዳልነበረ ሆኗል። ይህንኑ አነበብሁላት።