አባ የመረጠው ካሴት

እርጥብ ጨርቅ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ ዛሬም መንገዴን ያስቆመኛል። ባለፈው ሳምንት በጅማው ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ፍለጋ ስሄድ ከአንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ያ ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሳላስበው ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔ ግን ደሜ ነው የሚፈላው። ያ ሽታ የአባቴ ሱቅ ሽታ ነው። አባቴን ደግሞ፣ ጎረቤት ሁሉ ደግ ሰው እያለ የሚያነሳውን፣ እኔም የምወደውን አባቴን፣ እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አባ እዚሁ ጅማ ተወልዶ ጅማ ያደገ ልብስ ሰፊ ነበር። በኦሮምኛ እየለካ በአማርኛ እየተከራከረ፣ ከአጋሮ የሚመጡትን የቡና ነጋዴዎች ሱሪና የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም ሲሰፋ የሚውል፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ሙዚቃ ግን ከነፍሱ የሚወድ ሰው ነበር። ፊት ለፊት ዛሬም አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን እሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ለትምህርት መክፈቻ የሚደርሱትን ዩኒፎርሞች ይሰፋ ነበር። ዝናብ ያባረራቸው ወዳጆቹም እየገቡ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ በዓመቱ ውስጥ በወጡት አልበሞች ይጨቃጨቁ ነበር። ጳጉሜ ላይ ክርክሩ ያበቃና የዓመቱ ካሴት ይመረጣል። የተመረጠው ካሴት ሽፋን የሱቁ መስታወት ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይለጠፍና እስከሚቀጥለው ጳጉሜ እዚያው ይከርም ነበር። የሰፈሩ ሰው ያንን እያየ ይገዛል፤ ከአሰንዳቦ ለገበያ የሚመጡት ሳይቀሩ «ጀማል ዘንድሮ ማንን ለጠፈ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። የአባ ሕግ አንድ ነበር፤ ካሴት ሳይዘለል መሰማት አለበት። ዘፋኞች ጥሩ ጥሩውን የመጀመሪያው ገፅ ላይ ደርድረው ሌላውን በትርፍራፊ እንደሚሞሉት ስለሚያውቅ፣ ዳኝነቱን ሁልጊዜ ከሁለተኛው ገፅ ይጀምር ነበር።

አብልጦ የሚወደው የሴቶችን ድምፅ ነበር። አንዷ ረጅም ዜማ ይዛ ትንፋሿ ሳይቆረጥ ስትዘልቅ፣ መቀሱን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ «ማሻአላህ፣ አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ይል ነበር። ይህን ቃሉን ያዙልኝ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ቀይ ቡና ከገጠር በጭነት መኪና እየገባ፣ የተፈለፈለው ቡና ገለፈት ሽታ ከተማውን ሲሞላው፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አዲስ ልብስ ያሰፋ ስለነበር አባ እንደ ዩኒፎርሙ ሰሞን ሁሉ ለምሳ ወደ ቤት አይመጣም ነበር። ምሳውን የምትወስድለት ታላቅ እህቴ ራህማ ነበረች፤ እኔም ከኋላዋ እከተል ነበር። የዚያን ጊዜ እሷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን አንዴ የሰማችውን ዜማ የማትረሳ። አንድ ዓመት ወዳጆቹ ሁሉ በአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ካሴት ተስማምተው ሽፋኑን ሊለጥፉ ሲሉ፣ ሳህኑን እያስቀመጠች «ሁለተኛው ገፅ ላይ ሦስተኛው ዘፈን አምና የሰማነው ዜማ እኮ ነው፣ ግጥሙን ብቻ ነው የቀየሩት» አለች። የአምናውን ካሴት ፈልገው ሲያስተያዩት እንዳለችው ሆነ። አባ ይህንን ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ አይመርጥም ነበር። «ኢንተላኮ» ይላታል፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ይህንንስ እንዴት ሰማሽው?» ሽማግሌዎቹ አፍ አፏን እያዩ ይጠብቁ ነበር። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ጆሮዋን የከፈተላት፣ ሙዚቃን ከእንጀራ እኩል ያበላት እሱ ነው።

ራህማ ትዘፍንም ነበር። ቤት ውስጥ በለሆሳስ፣ ልብስ ስታጥብ ወይም እኔን ሹሩባ ስትሠራኝ ብቻ ነበር የምታንጎራጉረው። ድምፅዋን አውጥታ የለቀቀችው በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ነበር፤ ግቢው በሙሉ ፀጥ ብሎ ሰማት፣ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባ ስፌት በዝቶበት አልመጣም።

በጋው ሲጋመስ ሞላ እማዬን ሊያነጋግር ቤታችን መጣ። ሞላ ከአባ ሱቅ ፊት ለፊት ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግን፣ ካሴት የሚያባዛ፣ አባ በጣም የሚቀርበው የጎንደር ሰው ነበር። የሱቁን ጓዳ ግድግዳ በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ፣ ኪቦርድ የሚጫወት ዘመዱን አስመጥቶ፣ የጅማ ወጣቶች የሚዘፍኑበት ኮሌክሽን ሊያወጣ እንደሆነ ነገራት፤ ራህማም ሁለት ዘፈን እንድትሰጠው ጠየቀ። እማዬ ብዙ አሰበች። ሞላ ደግሞ መላ አዘጋጅቶ ነበር። ስሟ ሰሚራ ተብሎ ይወጣል፣ ሽፋኑ ላይ ፎቶ አይኖርም፣ ጀማል ሳያውቅ ይሰማታል፣ ከወደዳት በኋላ እሱ ራሱ ቀስ ብሎ ይነግረዋል። «ጀማል የወደደውን ነገር መልሶ አይጠላም» አለ። እማዬ በመጨረሻ «እህቷ አብራት ትሂድ» አለች።

እኔም አብሬያት ሄድኩ። ዘፈኖቹን የደረሰችው ራሷ ነበረች፤ አንዱ በኦሮምኛ ስለ እናት፣ ሌላው በአማርኛ ዝናብ አላስወጣ ብሏት በር ላይ ስለቆመች ልጅ። የተሳሳተ በተባለ ቁጥር ሳትሰለች ከመጀመሪያው ስትጀምር፣ ግንባሯ ላይ ላቡ ሲወርድ፣ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር። በማይክሮፎኑ ፊት ዝምተኛዋ ራህማ የለችም።

ካሴቱ የደረሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የቡና ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር ያለው። ሞላ ራሱ ይዞት መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አባ እንደ ልማዱ ሁለተኛውን ገፅ አስቀደመ፣ የራህማም ዘፈኖች ያሉት እዚያ ነበር። ገና የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳ። ካሴቱን መልሶ አጠንጥኖ እንደገና ሰማው፤ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ያንኑ ቃል ተናገረ።

በዚያ ጳጉሜ ክርክርም አልነበረም። የቡናው ቅርንጫፍ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፤ መስከረም በሙሉ የእህቴ ድምፅ ከአባቴ ሱቅ እየወጣ መንገዱን ሞላው። ባጃጅ ነጂዎች ቆመው ሰሙት። ራህማ ምሳ ይዛ ስትሄድ ከበሩ ራቅ ብላ ትቆምና፣ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ የገዛ ድምፅዋን ትሰማ ነበር። አንድ ቀን አባ ወደ ውስጥ ጠራት።

«ኢንተላኮ፣ ይቺን ልጅ እንዴት አየሻት?» አላት።

ራህማ መሬት መሬት እያየች «መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» አለች።

«እንዲያውም ውበቷ እሱ ነው» አለ አባ፣ ለሰሚራ ተቆርቁሮ። «አባቷን ባውቀው ሄጄ እጁን እጨብጠው ነበር።»

ሞላ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። አላደረገውም፤ ዛሬ ነገ ሲል ጥቅምት ገባ። እሱንም አልማርኩትም።

ለአባ የነገረው የራህማ አስተማሪ ነበር። ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ቴፑን ሲሰማ፣ ሰው በተሰበሰበበት ፊቱ በርቶ «ጋሽ ጀማል፣ እንኳን ደስ አለዎት። ራህማ ሁላችንንም አኮራችን» አለው። መልካም ያሰበ ሰው ነበር። አባ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ቴፑን አጠፋ። የአስተማሪውን ሱሪ ተኩሶ፣ አጣጥፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ከዚያ ሽፋኑን ከመስታወቱ ላይ ልጦ፣ ሱቁን በቀን ዘግቶ ወደ ቤት መጣ።

አልጮኸም፣ አልመታትምም። ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እማዬን «ታውቂ ነበር?» አላት።

«ባይነግሩኝ እንኳ ድምፅዋን ከመጀመሪያው ስንኝ አውቀው ነበር» አለች እማዬ። «አንተ እንዴት አላወቅከውም?»

ዘፋኝን ሁሉ በሳሉ እንኳ እለያለሁ የሚል ሰው፣ ከአጠገቡ ስታንጎራጉር ያደገችውን ልጁን አልለየም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ቤት እንጂ ከእሱ ቤት ይወጣል ብሎ ጭራሽ አስቦ ስለማያውቅ ነው። ወደ ራህማ ዞሮ የእሱ ልጅ ድምፅ ጫት ቤትና መጠጥ ቤት እንደማይከፈት፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤትም ቢሆን አፏን ለዘፈን እንዳትከፍት ነገራት።

ራህማ አላለቀሰችም። «አባ፣ የሌላ ሰው ልጅ ስሆን ማሻአላህ አሉ» አለችው። «የእርስዎ ልጅ ስሆን ምን ተለወጠ?»

አባ ከኪሱ መቀሱን አወጣ። ያ መቀስ ከጨርቅ በስተቀር ምንም እንዳይነካ እኛን ወረቀት ቆርጣችሁበታል እያለ የሚቆጣበት መቀስ ነበር። የካሴቱን ክር በጣቱ እየመዘዘ፣ እንደ ሱሪ ቅዳጅ ቁርጥራጭ እያደረገ መሬት ላይ ጣለው። እሱ ከወጣ በኋላ ጠርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሞላም ፈርቶ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ባባዛቸው ካሴቶች ላይ የእህቴን ሁለት ዘፈኖች አውጥቶ የሌላ ልጅ አስገባበት። ከተማው ውስጥ የቀሩት ጥቂቶቹ ካሴቶች በየቤቱ አልቀው ጠፉ።

የቡናው ለቀማ ካለፈ በኋላ፣ ጥር ላይ ራህማ ለአሰንዳቦ ነጋዴ ተዳረች። ትምህርቷን ትጨርስ ብላ እማዬ አንድ ጊዜ ለመነች፣ ሁለተኛ አልለመነችም፤ ለዚያ ዝምታዋም ሥፍራ አላገኘሁለትም። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ በእሷ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ዘፈን አይወድም፣ ያ ብቻ። ለሰርጓ አባ ድንኳኑ በር ላይ ትልቅ ሞንታርቦ አስተክሎ፣ የሚወዳቸውን ሴት ዘፋኞች ቀኑን ሙሉ አስከፈተ። የሌሎች አባቶች ልጆች እየዘፈኑ እህቴ መኪና ውስጥ ገባች። መኪናው የአዲስ አበባን መንገድ ይዞ እስኪጠፋ ድረስ ድምፁን የቀነሰ ሰው አልነበረም።

አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ራሴም ልጅ ወልጄ፣ አንድ ቀን ለምን እንዳደረገው ጠየቅኩት። «ያኔ ዘመኑ ነው» አለኝ። አስተማሪው የዚያው ዘመን ሰው ነበር፣ እማዬም እንደዚሁ፤ ያን ካሴት በየሱቁ የከፈቱት የጊንጆ ሰዎችም የዚያው ዘመን ሰዎች ነበሩ። ይህን አልነገርኩትም። እሱ አርጅቷል፣ እኔም እጁን እያጠብኩ ምሳውን አቀርብለታለሁ።

አሁን በጅማው ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ካሴት የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ዘፈን በየቀኑ በስልክ ይወርዳል፣ ጳጉሜ ሲደርስ ልጄና ጓደኞቿ ሳሎን ተሰብስበው የዓመቱን አልበም ሲመርጡ ይጨቃጨቃሉ። ዘንድሮ የመረጡት የአንዲት የጅማ ልጅ አልበም ነበር፤ አባቷ ከጎኗ ቆሞ ሲያጨበጭብ የሚያሳይ ቪዲዮም አላት። አባ ዱላውን ተደግፎ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰማትና «ማሻአላህ» አለ። ልጆቹ ሽማግሌው ሙዚቃ በማወቁ ተደስተው ሳቁ። እኔ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ሳሎን ብቆይ በማግስቱ የሚቆጨኝን ነገር በልጄ ፊት እናገር ነበር።

ከጓሮው ሆኜ አሰንዳቦ ደወልኩ። ራህማ ከባሏ ጋር ሱቅ ትሠራለች፣ ልጆቿ አድገዋል። ዘንድሮ ከወጡት አልበሞች የትኛውን እንደወደደች ጠየቅኳት። «የትኞቹ ወጡ?» አለችኝ። ያኔ ቢሆን ጥያቄዬን ሳልጨርስ የትኛው ገፅ ላይ ስንተኛው ዘፈን እንደሆነ ትነግረኝ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንዳጠረ ሳይቀር ታሳየኝ ነበር። ዛሬ ደንበኛ እንደገባባት ነግራኝ፣ ልጅሽን ሳሚልኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው።