የሽማግሌዎቹ መኪና እና የጠፋችው ዳዶ

ሽማግሌ የሚልክ ሰው ራሱ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን ሄድኩ። ከቡራዩ ሱሉልታ ድረስ ሦስት ሽማግሌ የምታደርስ የአባቴ አሮጊት መኪና ብቻ ነበረች፤ እሷን የማስነሳት ጥበብ ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ሾፌር ሆንኩ።

መንገድ ላይ የሚሉትን ሲለማመዱ፣ ከሦስቱ አንዱ የሆኑት አጎቴ፣ «ልጃችን ሲበዛ ትዕግሥተኛ ነው» አሉ። ሌሎቹ እኔን እያዩ ሳቁ። ግልፍተኝነቴን ሰፈሩ ያውቃል፤ የአሮጊቷ መኪና ጎማማ ከእርግጫዬ ብዛት ጫማዬን ለይቶ ያውቀዋል። ላገባት የምሻት ልጅ አባት ደግሞ ለቁጡ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው አንዱን መልሰዋል ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ።

ሽማግሌዎቹን በልጅቷ ቤት በር ላይ አድርሼ፣ እንዳልታይ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ተቀመጥኩ። ቆይተው ሲወጡ፣ «እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ተብለዋል። የመጀመሪያ ቀን መልስ ሁሌም እንዲያ ስለሆነ አልከፋኝም። ሮጬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለች፤ ከዚያ ዝም።

አባትየው ሊሸኙ ወጥተዋል። ልጅቷም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላለች። እግሬ ወደ ጎማው ሲነሳ መልሼ አስቀመጥኩት።

የፊት መብራቱን አበራሁ፤ ደህና በራ። ቁልፉን ሳዞር ግን ድርግም አለ። ባትሪው ቢደክም ከመጀመሪያውም ይፈዝ ነበር፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ቢበላሽ ደግሞ መብራቱ እንዲህ አይጠፋም። ገመድ ላልቷል ማለት ነው። ኮፈኑን ስከፍት ገመዱ ባትሪው ጫፍ ላይ እንዲሁ ጣል ተደርጓል፤ አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ የለም። ጠዋት በገዛ እጄ ያጠበቅኩት! ተንበርክኬ ሣሩን ዳበስኩ።

«ባትሪው ሞቷል» ይላሉ አንዱ ሽማግሌ። «ቁልቁለት አይደል፣ እንግፋት!» ይላሉ ሌላው። እኔ ምላሴን ነክሼ «እሺ አባባ» እላለሁ። ውስጤ ግን ይፈላ ነበር።

አባትየው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የምትፈልገው ይህን ነው?» አሉኝ በቀስታ። ዳዶዋ መዳፋቸው ላይ ናት።

ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ሾፌር በሙሉ ልብስ ከዛፍ ጀርባ አይደበቅም። ከባለቤቴ ጋር ልመካከር ብዬ ስወጣ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀምጠህ አየሁህና ኮፈኑን ከፍቼ ፈታኋት። ትዕግሥተኛ ነው ሲሉኝ፣ እስቲ ልየው አልኩ። አልተሳደብክም፣ ጎማም አልመታህም። ሽማግሌዎችህ እሑድ ይምጡ፤ እሺ እላለሁ።»

በደስታ ተጣድፌ ዳዶዋን በጣቴ ብቻ አሰርኩና መኪናዋን አስነሳሁ። ከመንገዱ ጠመዝማዛ አለፍ እንዳልን አጎቴ ሽንቴ መጣ ብለው አስቆሙኝ፣ ሞተሩንም አጠፋሁ። ሲመለሱ ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ።

ወርጄ ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ንዴት ሁሉ በእርግጫ ጎማዋ ላይ አወረድኩት። ሦስቱም ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

«ስንዴው ዘንድሮ አምሯል» አሉ አጎቴ። እሑድ ደግመው መመስከር አለባቸውና፣ ምንም አላዩም።