ሰይቼንቶዋን ያጠብኩ ቀን

ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ትናንት ምሳ ላይ አባባ ታክሲያችን በዚህ ጳጉሜ እንደገና ተፍቃ ቀለም እንደምትቀባ ነገረን። እስከዚህ ድረስ ተራ ወሬ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና የመፋቁን ሥራ የምመራው እኔ እንደሆንኩ፣ የምፈልጋቸውን ጓደኞቼንም መጥራት እንደምችል ተናገረ። እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ደብተሬን ያወጣሁት ለዚህ ነው። ዘንድሮ የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ካነበቡት ወዲህ የሚያስደስተኝን ነገር ሳልጽፍ መዋል አቅቶኛል። ይህችን ደግሞ ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ እሰጣታለሁ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማወራችሁ ግን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ስለሆነው ነው።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነው። አባባ ያኔም እንደ ዛሬው ሰይቼንቶ በምትባል ትንሽ ታክሲው ይሠራ ነበር። ሰይቼንቶዋ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ለምርመራ ወስዷት ነበር፤ መርማሪው በሯን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ቢያደርገው እስክሪብቶው ወደ ውስጥ ገባ። ዝገቱ ተፍቆ፣ ተጠግና ካልተቀባች ሰው መጫን አትችልም ተባለ። አባባም ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ሾፌር ምን እንደሚመስል የሾፌር ልጆች ታውቁታላችሁ። ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ ደጅ ወጥቶ ይቆማል።

የበሰበሰውን ቦታ የመኪና አካል የሚጠግን ባትላሜራ ቆርጦ በአዲስ ብረት ተካው። ቀለሙን የሚቀባልን ጎረቤታችን ጋሽ ዘለቀ ነበር፤ ግን ማክሰኞ ለሥራ ጅማ ሊሄድ ስለሆነ ያለችው ሰኞ ብቻ ናት አለ። ስለዚህ ከዓርብ እስከ እሑድ መኪናዋ እስከ ብረቷ ድረስ መፋቅ ነበረባት። የሚያግዘው ሰው ስላልነበረ አባባ እኔን ጠራኝ። እማማ አልወደደችውም። ሴት ልጅ እጇን በዝገት አበላሽታ ምን ልትሆን ነው ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ ፈቀደች፣ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበራት፤ አንዲት ጥፋት ካጠፋሁ ወደ ጓዳ እመለሳለሁ፣ ሁለተኛም መኪና አልነካም።

ሥራው ከባድ ነው፤ እኔ ግን ወደድኩት። አባባ በተሰበረ መጋዝ ቀለሙን ይልጣል፣ እኔ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እከተለዋለሁ። እሱ እጁ የማይገባበት የጎማው ጉያ የእኔ ድርሻ ነበር። ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ይረግፋል፣ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ምራቄን ስተፋ ሰማያዊ ይወጣል። ዛሬም የአሮጌ ቀለምና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ክርኔ ያመኝ ይመስለኛል። እሑድ ከሰዓት ሲሆን ሰይቼንቶዋ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ድስት አበራች።

አባባ ጋሽ ዘለቀን ለማስታወስ ሄደ። እኔ ብቻዬን ስቀር መኪናዋን አየኋት፤ ብናኝ በብናኝ ናት። በእኛ ቤት ደግሞ ድስት ከተፈገፈገ በኋላ በውሃ ይለቀለቃል፤ ሳይለቀለቅ የተቀመጠ ዕቃ ካለ የእማማን ቁጣ የሚችለው የለም። ስለዚህ ከሰፈሩ የቦኖ ቧንቧ ሁለት ጀሪካን ውሃ አመላልሼ ከጣሪያዋ ጀምሬ አጠብኳት። ሳሙና በቀበሌ ወረፋ ስለሚገኝ አልደፈርኩም እንጂ እሱንም ባደረግኩት ነበር። ከዚያ ብርድ እንዳይመታት ይመስል ሸራውን አለበስኳትና ኮራ ብዬ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ የቀለም መርጫውን በጋሪ አስገፍቶ መጣ። አባባ ሸራውን ገለጠ። መኪናዋ በሙሉ ዝጋ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆናለች። ጋሽ ዘለቀ በዚህ ላይ ቀለም ቢረጭ ሦስት ወር ሳይሞላው እንደሚነሳ ተናገረ። አባባ ከእንጦጦ ወደ ሰፈራችን የወረደውን ጉም ቀና ብሎ አየና «ጉሙ ነው» አለ። ዝም ብል ኖሮ ጉሙ ተወቅሶ ይቀር ነበር። ግን አባባ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲያንቀጫቅል ሰማሁት።

«ጉሙ አይደለም» አልኩ። «አጥቤያት ነው።»

ጋሽ ዘለቀ ትክ ብሎ አየኝ። «ጓዲት፣ ገላዋን አጠብሻት? ምነው ቅባትም አልቀባሻት?»

አባባ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ቀስ ብሎ «ግቢ፣ ራህመት» አለኝ። የፈራኋት ቃል እሷ ነበረች። ወደ ቤት ስራመድ እማማ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሁሉንም ሰምታለች። እጄን ይዛ ወደ መኪናዋ መለሰችኝ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለችው አባባን። «የተፈገፈገ ዕቃ ሳታጥብ ብታሳድር እኔ ነበርኩ የምቆጣት። ይኼ ውሃ አይንካው ብለሃታል?»

አባባ «አላልኳትም» አለ።

ጋሽ ዘለቀ አውራ ጣቱን በሩ ላይ አሸት አድርጎ አየው። ዝገቱ ጣቱ ላይ መጣ። የአንድ ሌሊት ዝገት ገና ሥር አልሰደደም፣ እስከ ስድስት ሰዓት ንጹሕና ደረቅ ብረት ካሳያችሁኝ እቀባለሁ፣ ካለፈ ግን ጓዜን እጠቀልላለሁ አለ። እማማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የሽቦ ብሩሹን አነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ እንዴት እንደሚያዝ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። እናቴን ሥራ ያስተማርኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። አባባ በኩፖን ያገኘውን ቤንዚን ከመኪናዋ ታንከር በጎማ ቱቦ ቀድቶ፣ ጨርቅ እየነከረበት እኛ የፋቅነውን ከኋላችን ይወለውላል። ጋሽ ዘለቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ በቆሎ እየበላ ሳንፍቅ ያለፍነውን ቦታ በጣቱ ያሳየናል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተነስቶ ዞራት። የኋላው ኮፈን ጋ ሲደርስ ቆመና ይኼን የፋቀው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እማማ ነበረች። «በሉ፣ ነገ ጅማ እሳቸውን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። አባባ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቀለሙ ተቀባ፣ ምርመራውም አለፈ፣ አባባም ከእንቁጣጣሽ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ያ ሁሉ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈው። ዝገቱ በበሮቹ ግርጌ ተመልሶ መጥቷል። ያኔ እስከ ትከሻዬ ይገባልኝ የነበረው የጎማው ጉያ አሁን ክርኔ ላይ ይይዘኛል፤ ትንሽ ያሳዝነኛል። እማማም ለማየት መነጽር ያስፈልጋታል፤ ብሩሹን ግን እስካሁን ለማንም አትሰጥም።

እንግዲህ የአባባን ግብዣ ላስተላልፍ። ጳጉሜ አንድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እኛ ቤት። አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ፀጉራችሁን እሰሩ፣ እጃችሁ ቀጠን ያለ ከሆነ ቶሎ ኑ። ሴት ልጅ መኪና አትፍቅም የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ንገሩኝ፤ እናቴን እልክላችኋለሁ።