ሥራ ሳይሰጠኝ መጣሁ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! መጋቢያችን «እኅቴ፣ አጠር አድርጊው» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን አፌ አንዴ ከተከፈተ ቶሎ እንደማይዘጋ እሳቸውም ያውቃሉ። ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ ብቀመጥ ደግሞ ያንቀኛል። ስለዚህ ታገሡኝ፣ ልመስክር። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ፓፓያና ማንጎ ስሸጥ ነው። እኔ ግን የተማርኩት የድንገተኛ ሕክምና ነው። በአምቡላንስ እየሄዱ፣ የተጎዳውን ሰው ሐኪም ቤት እስኪደርስ ነፍሱን ማቆየት፤ ሥራው ይኸው ነው። ምዘናውን አለፍኩ፣ ሰርተፊኬቴን ላስቲክ አስለበጥኩ፣ «በቃ ነገ እቀጠራለሁ» ብዬ መርሳ ላይ ቤት ተከራየሁ። ነገ የተባለው ቀን ግን የት እንደገባ እንጃ! ወረዳ ስሄድ «በጀት የለም»፣ ወልድያ ዞን ስሄድ «ማስታወቂያ ጠብቂ»፣ የግል ክሊኒክ ስሄድ «ልምድ አለሽ?»። ልምዱን ከየት ላምጣው፣ እናንተ ካልቀጠራችሁኝ!

አከራዬ እነሆ፣ እዚያ ጋ የተቀመጡት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። እትዬ፣ አያፍሩ፣ ቀና ይበሉ! ፍራፍሬውን እንድሸጥ ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ ከመፍታት ብዬ ተቀመጥኩ። የባጃጅ ልጆች ደግሞ አይምሩም። «የአምቡላንሷ ሐኪም፣ ፓፓያው በሰላም ተገላገለ?» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ አለቅሳለሁ።

ያኔ ጌታን አላውቅም። እትዬ ሙሉነሽ ከግድግዳው ወዲያ ሲጸልዩ፣ እኔ ከወዲህ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። እሳቸው ድምፃቸውን ይጨምራሉ፣ እኔም እጨምራለሁ። አንድ ቀን ታዲያ «ነይ እስቲ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ» ሲሉኝ ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? «የእርስዎ ጌታ መጀመሪያ ሥራ ይስጠኝና በማግስቱ እመጣለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «ጌታ ደላላ አይደለም እቴ» ብለው ፓፓያቸውን መደርደር ቀጠሉ።

ደላላስ ሌላ ነበረኝ። ሳውዲ በባሕር የሚያሻግር። የስንቱ ቤት ልጅ በዚያ መንገድ እንደቀረ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ወረዳችን ሀብሩ ውስጥ ይህ ሐዘን ያልገባበት ደጃፍ ጥቂት ነው። እኔም አውቅ ነበር። ሰው ሲመረው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል። በዚያው ሰሞን ወልድያ ላይ ለአምቡላንስ አንድ ባለሙያ እንደሚፈልጉ ማስታወቂያ ወጣ። አንድ ብቻ! ደላላውን «ፈተናውን ልሞክር፤ ካልሆነልኝ እሄዳለሁ» አልኩት። ነገሬ ሁሉ በዚያ ፈተና ላይ ተንጠለጠለ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ከመርሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋቢና ነበርኩና ለሹፌሩ ስለ ፈተናው ሳወራ መጣሁ። ስሪንቃ ሳንደርስ ከተራራው በኩል ቃሬዛ የያዙ ሰዎች አስፋልቱ ላይ ወጡ። መቼም በእኛ አገር ቃሬዛ አይቶ የሚያልፍ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ወደ ሠርግ የሚሄደውም፣ ትከሻውን ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ሹፌሩ ቆመ፣ ሁላችንም ወረድን።

ከፊት የተሸከሙት አንድ አዛውንት ናቸው፤ አቶ እንድሪስ ይባላሉ። የተኛችው ምራታቸው ዘይነባ ናት። ሌሊቱን ቤት ወልዳ ደም አልቆም ብሏት ነው። ለአምቡላንስ ቢደውሉ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። አማቷ ሕፃኑን አቅፈው ከኋላ ይከተላሉ። ዘይነባን ግን ማየት አልቻልኩም። አራስ ናትና ነፋስና ዓይን እንዳይነካት ከእግር እስከ ራሷ በጋቢ ሸፍነዋታል። ፊቷም ጭምር! በፍቅር ነው ያደረጉት፤ እንደ ወጉ ነው።

«አባባ፣ ፊቷን ግለጡልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ነን። ዓይን አለ» አሉኝ።

«ዓይኑ በእኔ ላይ ይሁን፣ ግለጧት!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ነኝ እንዲህ በሽማግሌ ላይ የምጮኸው! እሳቸውም ደንግጠው ገለጡ። ከንፈሯ ነጥቷል። ስጠራት አትመልስም። ጋቢው ከላይ ንጹሕ ነው፤ ከሥር ፍራሹ በደም ርሷል። ሰዎቹ የተኛች መስሏቸው፣ እንዳትነቃ ብለው በዝግታ ነበር የሚሸከሟት። ወገኖቼ፣ ያቺ ሴት በሰው መሀል፣ በሚወዷት ሰዎች ትከሻ ላይ ሆና፣ ማንም ሳያያት እየሞተች ነበር።

ልጅ ከወጣ በኋላ ማሕፀን እንደ ጡጫ ካልጠበቀ ደም አይቆምም። የእሷ ላልቶ ነበር። ሆዷን ከላይ ይዤ ማሸት ጀመርኩ፤ መጥባቱም ማሕፀን ያጠብቃልና ሕፃኑን ጡቷ ላይ አስደረግሁት። ማሕፀኑን ስይዘው ይጠብቃል፣ እጄን ሳነሣ ይላላል። ተሳፋሪው ወንበሩን ለቀቀላት። ሹፌሩ «መርሳ ይቀርባል፣ ልዙር?» ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ግን ፈተና አለብኝ አላልሽም? ከኋላ ሌላ መኪና እየመጣ ነው፣ ላስቁምልሽ?» አለኝ።

አልዋሻችሁም። ልቤ በረረች። ማስታወቂያው፣ አንድ ቦታ፣ ደላላው፣ ሁሉም መጣብኝ። ያ መኪና መጣ፣ አጠገባችን ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። አቶ እንድሪስ እጄን ያያሉ። እጄ ደግሞ አልነሣ አለኝ። «ዙር!» አልኩት ሹፌሩን።

ወደ መርሳ ስንከንፍ አቶ እንድሪስ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። የእኔም አፍ ሳላዘው ተከፈተ። «ጌታ ሆይ፣ አትርፋት! እጄ እንዳይዝል አደራህን!» እያልኩ ነው። ሰምታችሁኛል? ሬዲዮ ከፍ ስታደርግ የነበረችው ሴት ናት! በሕይወቴ «ስጠኝ» ያላልኩበት የመጀመሪያ ጸሎቴ ያ ነው። ክንዴ ደንዝዟል፣ ልቤ ውስጥ ግን አንድ ሰላም ገባ፤ ከየት እንደመጣ ዛሬም ማስረዳት አልችልም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ሃሌ ሉያ በሉ!

ሐኪም ቤት ስንደርስ ተቀበሏት፤ መርፌውም ደሙም ተሰጣት። ዶክተሩ ቆይተው ወጡና «እስከዚህ ሆዷን ይዞ የመጣው ማነው?» አሉ። ጣት ሁሉ ወደ እኔ ሆነ። «ባትይዣት ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር። ትተርፋለች» አሉኝ። አቶ እንድሪስ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ክብር ለጌታ ይሁን!

ፈተናው ግን አለፈኝ። ወልድያ ብደውል «ተዘግቷል» አሉኝ። ያ ሁሉ የጠበቅሁት ቦታ ለሌላ ሰው ሆነ፤ አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ! ማታ ደላላው ደወለ። «አልሄድም» አልኩት። «ምን ልትበዪ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

እሑድ ጠዋት ለብሼ የእትዬ ሙሉነሽን በር አንኳኳሁ።

«ምነው፣ ሥራ ሰጠሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አልሰጠኝም። ግን መጣሁ» አልኳቸው።

እሳቸውም አንገቴን አቅፈው ይዘውኝ መጡ። ያን ቀን እዚህ መድረክ ሥር ተንበርክኬ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ውል! ስሙ ይክበር!

ወገኖቼ፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል። ተመልሼ ፓፓያዬ ጋ ተቀመጥኩ። አንድ የገበያ ቀን አቶ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው ፊቴ ቆሙ። «ዘይነባ ድናለች፣ አልሐምዱሊላህ። የቃሬዛችንን ሰዎች ሰብስበናል። ሰው እንዴት እንደሚያዝ ነይና አሳይን» አሉኝ። ሄድኩ። አርብ፣ ከመስጊድ ሲወጡ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉልኝ። በቃሬዛ ሥር ያረጁ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሽማግሌ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ሁሉንም አሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁና አስተማርኩ። አራስ ስትሆን ደሙን በየመሀሉ እዩ፤ ራሱን የሳተውን በጎኑ አስተኙ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፊቱን አትሸፍኑ።

«ዓይኑንስ ምን እናድርገው?» አሉኝ።

ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። አቶ እንድሪስ አሰብ አደረጉና «ጃንጥላ እንይዝላታለን። ከሰው ይጋርዳታል፣ እኛ ግን እናያታለን» አሉ። እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው ያገኙት!

ወሬው ግራናም ውርጌሳም ደረሰ። «እኛም ጋ ነይ» ተባልኩ። ከእሑድ በቀር እየሄድኩ አስተማርኩ፤ ፓፓያውን እትዬ ሙሉነሽ ሸጡልኝ። ከዚያ ወረዳው ሌላ ማስታወቂያ አወጣ፣ ተፈተንኩ። ፈታኙ «ልምድ አለሽ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። የሄድኩባቸውን ቀበሌዎች ስቆጥርለት «በቃ፣ በቃ» አለኝ። ዛሬ የአምቡላንስ ባለሙያ ሆኜ ነው ፊታችሁ የቆምኩት። እልል በሉልኝ!

አንዷን ብቻ ልጨምርና ልቀመጥ፤ መጋቢ፣ አይቁጡኝ። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ተደወለ። አምቡላንሱ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄዶ ቆመ። ቀና ስል ከቁልቁለቱ ቃሬዛ ይወርዳል። ከጎኑ አንድ ሰው ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ከተሸካሚዎቹ እኩል ይራመዳል። ሲደርሱ ከጃንጥላው ሥር አየሁ። አንዲት ወላድ ናት፣ ፊቷ ተገልጧል፣ በላብ ርሷል፣ ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። «መጣሽልኝ?» አለችኝ። እኔም እዚያው መንገዱ ጫፍ ላይ፣ እጄ ሥራ ላይ ሆኖ፣ እንባዬ ወረደ። ያን ቀን ወደ ፈተናው ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህችም ተሸፍና ነበር የምትመጣው።

ዛሬ እዚህ ሥራ አጥተህ፣ ታመሽ፣ «ደህና ነኝ» በሚል ጋቢ ተሸፋፍናችሁ የተቀመጣችሁ አላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግለጡት። ለጌታ ግለጡት። ሥራ ባይሰጣችሁም ኑ፤ እኔ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፣ እሱም ባዶ እጄን ያዘው። አሁንም አልለቀቀኝም።