የተዘጋው መስኮት

ፐርሲያናውን፣ የመስኮቱን መከለያ፣ ስከፍት የታመቀ የእንጨትና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ሞተዋል፤ ልጃቸው ቤቱን ልትሸጠው ስለሆነ አጽጂው ብላኛለች። ድሮ ይህን ሳሎን የምታጸዳው እናቴ ነበረች።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ እኔን የምትተውለት ሰው ስለሌላት ከሮም ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ በአውቶቡስ እዚህ ይዛኝ ትመጣለች። ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ በእንጨት ማተሚያ የታተመ የጃፓን ሥዕል ስላለ፣ ሲኞራ “ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል” ብለው መስኮት አያስከፍቱም። እናቴ በዳበሳ ነበር የምትወለውለው።

አንድ ቀን ሥዕሉን በደንብ ልየው ብዬ መስኮቱን ከፈትኩት። ሰማያዊው ወንዝ ቦግ አለ። የገለባ ባርኔጣ ያጠለቁ መንገደኞች በዝናብ ጎንበስ ብለው ድልድይ ይሻገራሉ። እናቴ እርጥብ እጇን ሳትጠርግ ሮጣ መጥታ ዘጋችው።

“ሲኞራ ቢያዩን እኮ ሥራዬን አጣለሁ!”

“እማዬ፣ የት ነው የሚሄዱት?”

“ፔርሜሶ ሊያሳድሱ።”

“ይደርሳሉ?”

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ “ብቻ ብርሃን አያግኛቸው” አለችኝ።

አልገባኝም። ግን የመኖሪያ ወረቀታችንን፣ ያንኑ ፔርሜሶ፣ ለማሳደስ በዝናብ በተሰለፍን ቁጥር፣ እነዚያ ሰዎች ከፊታችን ያሉ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ሥዕሉን በብርሃን አየሁት። ወንዙ እጣቢ መስሏል፤ የመንገደኞቹ ፊት ከወረቀቱ አይለይም። ሰማያዊው በጨለማም አልተረፈም።

እጄ ግን እንደ እናቴ ልማድ ፐርሲያናውን መልሶ ዘጋው።