የጋሽ ካቻቢቴ ዘይት

ጋሽ ካቻቢቴን የሚያውቅ ሁሉ እውነተኛ ስማቸውን አያውቅም። እኔም ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር አልጠየቅኳቸውም፤ አፍሬ። ትንሿ ካቻቢቴ ከጆሯቸው ላይ ስለማትጠፋ ነው እንዲህ የተባሉት። እሳቸው ሞተርሳይክል ይጠግናሉ፣ እኔ ከጎናቸው ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። ጠዋት "እንዴት አደሩ ጋሼ" እላለሁ፣ "ይመስገን" ይላሉ። ማታ "ደህና ይደሩ" እላለሁ፣ "አሜን" ይላሉ። ወሬያችን ይኸው ነበር። እኔ መናገር አይሆንልኝም፤ መጻፍማ ጭራሽ። ግን ያየሁትን ልጻፈው።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጋሼ ብቻቸውን ቀሩ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሩቅ ከተማ ያገባች። ወልዳለች። ስልኩን ድምፁን ለቀው ስለሚያናግሯት በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጆሮ ጠቢ ሆኜ አይደለም፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው።

"አባዬ፣ ልጁ ሳታየው ጥርስ አበቀለ እኮ።"

"እመጣለሁ።"

"በአውቶቡስ ናና ግባ፤ ምን አለበት?"

"አውቶቡስ አይስማማኝም ብዬሻለሁ።"

እውነታቸውን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤንዚን ሽታ የኖሩ ሰው፣ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ያስመልሳቸዋል። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። መሄጃቸው ያቺ ያረጀች ቀይ ሞተርሳይክል ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ዘይት ታፈስሳለች።

ደጋግመው ተነሥተዋል፣ ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው። ዳገቱን ሳይጨርሱ ዘይቱ ከሞተሩ እየወረደ የኋላ ጎማ ላይ ይረጫል። ጎማ ዘይት ከነካው ሰው አይምርም፤ ይኼን እንኳ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ይመለሳሉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ሲገቡ "ምነው ጋሼ?" ማለት ይከብደኝና እንዳላየ ሆኜ ጎማዬ ላይ አቀረቅራለሁ።

ያልፈቱት ነገር የለም። ቡሎኑን ቀየሩ። በብረቶቹ መጋጠሚያ መሃል የሚገባውን ጋስኬት ቀየሩ። ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ ቀየሩ። አንድ ቀልደኛ ደንበኛ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎ እያፈሰሰች የኔን ምን ብዬ ልስጥዎት?" አላቸው።

"የኔን ያዛትና ባንተዋ ልሂድ" አሉት። እሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የቸገረው፣ ቆማ አታፈስም። ጋሼ ሞተሩን በቤንዚን አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠመኔ ፈጭተው ዱቄቱን ይነሰንሱበታል። ዘይቱ በሚወጣበት ቦታ ነጩ ይጠቁራል፤ ዘዴው ይኸ ነው። ከዚያ መቆሚያዋ ላይ አቁመው ያስነሧትና በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ያያሉ። ነጭ ነው። ነድተዋት ሲመለሱ ግን ሁሉም ጥቁር ነው፤ ንፋሱ ስለሚያዳርሰው ከየት እንደመጣ አይለይም።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" ይላሉ፣ ለራሳቸው።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። የኔ ጣሪያ ያፈሳል። ጎማዎቹን ሸፍኜ በራፋቸው ላይ ተጠለልኩ። ሞተርሳይክሏ እንደልማዷ ነጭ ተነስንሶባት ትጮሃለች።

"ግባ እንጂ፤ ትረጥባለህ" አሉኝ።

"ደህና ነኝ ጋሼ።"

"ግባና ቁጭ በል።"

ገባሁ። የምቀመጥበት አጣሁ። በርጩማው አንድ ነው፣ እሳቸው ተቀምጠውበታል። መጥቶ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ሁለተኛ አላስፈለጋቸውም። ቁጭ በል ተብዬ መቆሙ ደግሞ እምቢታ መሰለኝና፣ የማደርገው ቢጠፋኝ ሞተርሳይክሏ ላይ ወጣሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"ተነሥ" አሉኝ ድንገት።

ደነገጥኩ። ደፈርኩ መሰለኝ፣ ወርጄ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ወዴት ነው? ተመለስ። ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ።

"ተነሥ።"

"ጋሼ፣ ቅር ካለዎት..."

"ቁጭ በል አንተ ሰውዬ።"

ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ነጩ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር እንደ ጉንዳን ሰልፍ ትወርዳለች። ስነሣ ትቆማለች፤ ስቀመጥ ትቀጥላለች።

መቀመጫውን ፈቱት። ከሥሩ ሞተሩ የሚተነፍስባት ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። የመቀመጫው ብረት ላይዋ ላይ እየተጫነ ጠፍጣፋ አድርጓታል። ሰው ሲቀመጥ ትታፈናለች፤ ሞተሩም ትንፋሽ ሲያጣ ዘይቱን በደከመው በኩል ይገፋዋል። ጋሼ ሲያዩ የሚቀመጥ የለም፤ ሲቀመጡ የሚያይ የለም። በምን ያግኙት።

ቱቦዋን በጣታቸው እያሹ ቆዩ።

"ይኼን መቀመጫ የገጠምኩት እሷ ካረፈች በኋላ ነው" አሉ። "የድሮው ረጅም ነበር፣ የሁለት ሰው። ባዶውን ከኋላዬ ይዤ መሄድ አቃተኝ።"

"ቱቦዋን በሌላ በኩል ብናሳልፋትስ?" አልኩ።

"ይቻላል" አሉ። ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። እዚያ ሚስማር ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ተሰቅሏል፤ እስከዚያ ቀን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አወረዱት። ረጅሙ መቀመጫ ነው፤ የሱ ብረት ቱቦዋን አይነካም። አቧራውን በክንዳቸው ጠርገው ገጠሙት።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው በራፌ ላይ ቆሙ።

"እስከ ድልድዩ ከኋላ ሁንልኝ። እያየህ።"

በባለቤታቸው ቦታ ተቀመጥኩ። ወገባቸውን መያዝ አፈርኩና የኋላውን ብረት ጨበጥኩ። መንገዱን ሙሉ ቁልቁል ሞተሩን አየሁ። ድልድዩ ላይ ወርጄ በጣቴ ነካካሁት።

"ደረቅ ነው ጋሼ።"

"ደህና አድርገህ አየኸው?"

"ደረቅ ነው።"

ሻንጣቸውን እኔ የነበርኩበት ላይ አሰሩት። የቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። "በል እንግዲህ" አሉ። እኔም "በሉ" አልኩ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ በእግሬ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ ደወሉ። ከኋላ ሕፃን ይጮሃል።

"ደረስኩ።"

"ዘይቱስ?"

"ጠብ አላለም።"

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።

ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። እዚያው ልጃቸው ደጅ ላይ ጥገና ጀምረዋል አሉ። ደስ ብሎኛል፤ ውሸት አይደለም። ዝናብ ሲጥል ቤቱን ከፍቼ እገባለሁ። በርጩማው ያው አንዱ ነው፣ አሁን ግን ይበቃል። ቁጭ በል የሚለኝ ስለሌለ ትንሽ ቆሜ ነው የምቀመጠው።